እርማት፦ ፍም የሆነ ከሰልም ያፍናል
ስለ ሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ በተነሣው ውይይት፣ ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ በር ዘግቶ ሌሊቱን ቢሞቁት እንደማይጎዳ፣ ወጪም እንደሚቆጥብ በርከት ያሉ ሰዎች ጽፈዋል። አይጎዳም የሚለው ስሕተት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው በጨለማ ደጅ ላይ ማንደጃውን ልብ ብሎ ይመልከት፤ በፍሙ ላይ የምትርገበገበው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የምትታይ ናት፤ ያልተቃጠለው ግን ሳይታይ ቤቱን ይሞላል።

እጅግ የሚያሳስበኝ፣ ከሰሉ እንዲበረክት በሚል የበሩን ሥርና በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወትፎ ማንደጃ ማስገባት ነው፤ ሙቀቱን የያዘው ውታፍ ጋዙንም ይይዘዋል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይቀሰቅሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ብርዱን ለመከላከል ክፍተት መድፈን ተገቢ ነው፤ ማንደጃው ግን ደጅ ይደር። እራት በተሠራበት ፍም የሞቀ ውሃ ለሙቅ ውሃ በተሠራ የጎማ ከረጢት ተሞልቶ፣ በጨርቅም ተጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢገባ፣ ያለ ተጨማሪ ከሰል አልጋውን ያሞቃል።