በአምስተርዳም ሴት መንገደኛ የት ትሂድ?

አምስተርዳምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የውኃ ቦዮች ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ እኔም ተደንቄያለሁ። ነገር ግን በእነዚሁ ቦዮች ዳር ለወንዶች በነፃ የሚያገለግሉ የብረት መሽኛዎች ተተክለው ሳለ፣ ሴት መጸዳጃ ፍለጋ መንከራተቷ፣ ስታገኝም ብዙውን ጊዜ መክፈሏ እጅግ አናዶኛል። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በሆቴል ሒሳብ ላይ 12.5 በመቶ የጎብኚ ግብር ታስከፍላለች፤ ታዲያ ይህ ገንዘብ ለሴቶች መጸዳጃ የማይተርፈው ለምንድን ነው? ይባስ ብሎ በ2017 አንድ ዳኛ፣ መንገድ ላይ በመሽናቷ የተቀጣች ሴት በወንዶቹ መሽኛ መጠቀም ትችል እንደነበር ተናግሯል። እርጉዝ ሴት ወይም አሮጊት እናት፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ለቆመ ወንድ ብቻ በተሠራ ብረት ውስጥ እንዴት አድርጋ ነው የምትጠቀመው?