«ያው ነው ጋሼ»

«ያው ነው ጋሼ፣ ይውሰዱት» አለኝ ልጁ።

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነን። እኔ ለናሙና የያዝኩት የአሮጌ ቮልስ የበር ክሊፕስ ነው። ከስፕሪንግ ብረት የተሠራ፣ ሁለት እግር ያለው። እሱ ያቀበለኝ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ የቶዮታ። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ኪስ መግባታቸው ብቻ ነው። «አይገባም እኮ» ስለው «በመዶሻ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይገባል» አለኝ። በመዶሻማ ምን የማይገባ አለ!

ይህ «ያው ነው» የሚሉት ነገር ከሱቅ ወጥቶ ከተማውን ሞልቶታል። ሐይቅ ልሄድ ብሎ መናኸሪያ የቆመን ሰው ረዳቱ ኩታበር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ «ግባ ፋዘር፣ ያው ነው» ብሎ ቢከተው አይገርመኝም። ግን እስኪ ይህንኑ ልጅ ቡና ላይ አስቀምጡት። አቦሉ ይለፈውና በረካ ቀድታችሁ «ያው ነው፣ ጠጣ» በሉት። ወሎዬ ነው እኮ፣ ስኒውን ይዞ ያኮርፋል! ቡና ላይ እንዲህ የሚራቀቅ ሰው ብረት ላይ ሲደርስ ለምን ሁሉም አንድ እንደሚሆንበት አይገባኝም።

የቮልስ በር የውስጥ ልባስ ጠንካራ ካርቶን ነው። ክሊፕሶቹ ከካርቶኑ ጀርባ ይሰካሉ፣ ከዚያ በሩ ላሜራ ላይ ወዳሉት ቀዳዳዎች ተገፍተው ይገባሉ። ቀዳዳው ላይ ትንሽ ማስገቢያ አለች፣ እንዳይንኳኳና ውሃ እንዳያልፍ። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል በር ውስጥ ይገባል፤ መግባቱም ያለ ነው፣ ከታች ባሉት ማፍሰሻዎች ይወጣል። ለዚህ ነው ከካርቶኑ ጀርባ ላስቲክ የሚደረገው። ላስቲኩን ቀዳችሁ፣ ማስገቢያዋን ጥላችሁ፣ አንድ የደሴ ክረምት ብቻ ጠብቁ። ካርቶኑ ያብጥና ይገነጠላል።

«ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል መስኮቶቹ ሰፉ፤ በ1968ቱ ደግሞ መከላከያ ብረቱ ተለወጠ። ከሩቅ ሲታይ ግን፣ አዎ፣ ሁሉም ክብ ነው።

አሁን ቂሜን ላውጣ። ከዓመታት በፊት አንድ መካኒክ (ስሙን አልጠራም፣ እሱ ግን ራሱን ያውቃል) የመኪናዬን ውስጧን ፈታታት። ገጥሞ ሲጨርስ በወተት ጣሳ ብሎንና ክሊፕስ ሰጠኝ። «እነዚህ ትርፍ ናቸው» አለኝ። ትርፍ! ያ ፋብሪካ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ሲሠራ ለኔ መኪና ብቻ ብሎን መረቀልኝ? ጀርመን መቼ ምርቃት ያውቃል? ቤት ገብቼ በሩን ሳየው የታሰረው በቁም ሳጥን ብሎን ነው። የቀዳዳውን ጥርስ በልቶታል። ጣሳውን ደግሞ ባለቤቴ ቤት ስታጸዳ ለቆራሌው ሰጠችው። ይህኛው ሌላ ቂም ነው፤ እዚህ አይወራም።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ልጁ በእንቁላል ጀምሮ በበሬ ተያዘ፤ ሊቀጣ ሲል እናቱን ወቀሰ። ሁሉም ስለ ልጁና ስለ እናቱ ያወራል። ስለ ባለዶሮዋ ግን አንድ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ሴትዮዋ በጠዋት ተነስታ ጎጆው ባዶ ሆኖ ስታገኘው ምን አለች? ጎረቤት «አንድ እንቁላል ምን ያደርግልሻል» ብሏት ይሆናል። እኔ ባለዶሮዋ ነኝ። የኔን ብሎን ማንም አይቆጥረውም፣ በሬው እስኪጠፋ።

በሬውም ይጠፋል። ቮልስ በሚሊሜትር የተሠራች መኪና ናት፤ የደህንነት ቀበቶዋ ብሎን ግን በኢንች ነው፣ 7/16። ወደ 11 ሚሊሜትር ይጠጋል። በዚያ ቀዳዳ ባለ 10 ሚሊሜትሩን «ክር ጠምጥምበት፣ ያው ነው» ብሎ የሚያስር ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። የፍሬን ሸራም «ያው ነው» ተብሎ ይገባል። ከዚያ ያች መኪና ሰው ጭና፣ በጉም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ የተመለከተ ሰው ይህን ቃል በአፉ ባያነሳው ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

የሱቁን ልጅ ነገር ልጨርስ ነበር። ክሊፕሱን መለስኩለት፣ «ሰው ለምን እንደሚካበድ» የሚል ፊት አሳየኝ፣ ወጣሁ። በቃ።

ትክክለኛውን ክሊፕስ ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ሞተሩ የወጣ ቮልስ ቆሟል። በመስኮቱ አጎንብሼ አየሁ። የበሩ ልባስ እንዳለ ነው፣ አልተነካም! እጄን ስሰድ ሽማግሌው «ተው ልጄ!» አሉ። ለካ ዶሮ ኋላ ወንበር ላይ ታቅፋለች።

«አባባ፣ በሩን ከፈት አድርጌ ክሊፕሱን ብቻ...»

«ትበረግጋለች። 21 ቀን ነው፤ ይፈልፈሉና ትመጣለህ።»

«እሺ፣ ዋጋው ስንት ነው?»

«ክሊፕስ ለብቻው አልሸጥም፣ ከነበሩ ነው።»

በሩ የግራ ነው፤ የኔ የተገነጠለው የቀኙ። ክሊፕሱ ግን ለግራም ለቀኝም ይሆናል። ይህን አልነገርኳቸውም፣ ዋጋ ይጨምራሉ።