የ180 ዲግሪ ብሶቴ

ጎበዝ፣ ይህን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው መተኛት አልቻልኩም። ኤሌክትሪካል የምትማሩም፣ ተምራችሁ የወጣችሁም፣ የምታስተምሩም እባካችሁ አንብቡልኝ።

አሳይመንቱ ይኸውላችሁ። አንድ ኦፕ አምፕ (ቮልቴጅ የሚያጎላ ቺፕ)፣ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ባለ 20 እና ባለ 10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር። ሳለን ኪ የሚባለው ሎው ፓስ ፊልተር ነው (ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ከፍተኛውን የሚያዳክም)፤ በ1955 እ.ኤ.አ. በቫኪዩም ቲዩብ ዘመን የወጣ ሰርኪት። ትራንስፈር ፋንክሽኑን፣ ማለትም ወጪው ሲግናል ለገቢው ሲካፈል የሚሰጠውን ቀመር፣ አውጡ ተባልን፣ አወጣን። ከዚያ ከ100 ኸርዝ እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ ድረስ 12 ፍሪኩዌንሲ ላይ ጌይኑንና (ወጪው የገቢው ስንት እጥፍ እንደሆነ) ፌዙን (ወጪው ከገቢው በስንት ዲግሪ እንደሚዘገይ) በእጅ አስልታችሁ ሰንጠረዥ ሙሉ። በእጅ!

ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በየረድፉ ቀመሩ ውስጥ ያለውን ኤስ በጄ ኦሜጋ ተካ (ጄ የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት፣ ኦሜጋ ፍሪኩዌንሲው በ2 ፓይ ሲባዛ)፣ የኤስ ስኩዌር ምልክቱን ወደ ኔጌቲቭ ቀይር፣ ላዕሉንም ታህቱንም በታህቱ ኮንጁጌት (የጄው ምልክት በተገለበጠው) አባዛ፣ ስኩዌር ሩት፣ ሎግ፣ ከዚያ አርክ ታንጀንት። ኪሎው በናኖ ሲባዛ አንድ ዜሮ ካመለጠችሽ ረድፉ ሙሉ ገደል ገባ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ቀጠልኩ።

1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ምንም ችግር የለም። ታህቱ 0.210 ሲደመር ጄ 1.257 ይመጣል፣ ጌይኑ 0.785፣ ፌዙ ኔጌቲቭ 80.5 ዲግሪ። 2 ኪሎ ኸርዝ ላይ ግን ታህቱ ኔጌቲቭ 2.158 ሲደመር ጄ 2.513 ሆነ። ጌይኑ 0.302፣ ማለትም ኔጌቲቭ 10.4 ዲሲቤል፤ ይኼም ልክ ነው። ለፌዙ አርክ ታንጀንቱን ስነካ ካልኩሌተሩ ኔጌቲቭ 49.3 አለኝ። ታህት ላይ ስለሆነ ምልክቱን ገልብጬ ፖዘቲቭ 49.3 ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው መልስ ኔጌቲቭ 130.7 ነው! ድፍን 180 ዲግሪ ልዩነት! ከዚያ በታች ያሉት ረድፎች በሙሉ እንደዚሁ ተበላሹ።

ወረቀቱ ሲመለስ ከዚያ ረድፍ እስከ ታች ኤክስ ነው። አንዲት ቃል ማብራሪያ የለበትም። ሄጄ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ፦ «ካልኩሌተርሽን በትክክል ተጠቀሚ።»

አንጀቴን ያሳረረኝ ማርኩ አይደለም። የቀረብኝ ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ራሴ ቁጭ ብዬ ስፈልገው ነው። የዚህ ፊልተር ቁልፍ ፍሪኩዌንሲ 1125 ኸርዝ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ የታህቱ ሪያል (ጄ የሌለው) ክፍል ዜሮ ይሆናል፣ ኢማጂነሪው (ጄ ያለው) ብቻ ይቀራል፣ ፌዙ ልክ ኔጌቲቭ 90 ላይ ያርፋል፣ ጌይኑ 0.707። ከዚያ ባለፍሽ ቅጽበት ሪያሉ ኔጌቲቭ ይሆንና ቁጥሩ ወደ ሁለተኛው ኳድራንት (የግራፉ የላይኛው ግራ ሩብ) ይሻገራል። አርክ ታንጀንት ደግሞ የሚያየው ሲካፈል የመጣውን ብቻ ነው፤ ኔጌቲቩ ከላይ ይሁን ከታች አይለይም። በቃ ይኼው ነው! ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስቀል አስምሮ፣ ሁለት ነጥብ አስቀምጦ፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር። ለምን ከለከላችሁን?

እሺ ሌላው። ካሲዮ ካልኩሌተራችን ላይ ፖል የምትል ነገር ተጽፋለች። ሪያሉን፣ ኮማ፣ ኢማጂነሪውን ስትሰጫት 3.313 እና 130.7 ብላ መጠኑንም አንግሉንም ከነኳድራንቱ ታወጣለች። ከፍሬሽማን ጀምሮ ይዤው የምዞረው ካልኩሌተር ነው! ደግሞም ፍሪኩዌንሲውን በ1125 አካፍለን ብንነሳ ኖሮ ኪሎውም ናኖውም ገና ከመነሻው ይጠፉ ነበር። 2 ኪሎ ኸርዝ ማለት 1.777 ነው። አንድ ሲቀነስ የሱ ስኩዌር ሪያሉን ይሰጣል፣ እሱው በ1.414 ሲባዛ ኢማጂነሪውን። ኮንጁጌትም አያስፈልግም፣ ላዕሉ 1 ነውና።

ላብ ስንገባማ ባለ 20 ናኖ ካፓሲተር የለም። ሁለት ባለ 10 በፓራለል አሰርን። እያንዳንዳቸው 10 ፐርሰንት ወዲያና ወዲህ የሚሉ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢያጋድሉ 1125 የተባለው 1023 ወይም 1250 ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በአራተኛዋ ዴሲማል ማርክ ተቀንሶብናል። ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ደግሞ አምስት ሆነን ተራ እየጠበቅን፣ ወጪው ሞገድ ከገቢው ወደኋላ ሲቀር ለማየት የደረሰኝ ሁለት ደቂቃ ነው። ያችን ሁለት ደቂቃ ግን አልረሳትም፤ የፍሪኩዌንሲውን ማዞሪያ ሳዞር ሞገዱ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሲሸሽ፣ 90ን አልፎ ሲሄድ፣ ምንም ሳይዘል።

ትናንት ማታ ፖል የምትለዋን የካልኩሌተር ነገር ለዶርም ጓደኛዬ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና ደብተሯን ገልጣ ከ1125 በላይ ያሉትን ረድፎች አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች። እሷም 49.3 ብላ ነበር።

መምህራኖቻችን፣ በእናታችሁ፣ 12 ረድፉን ተዉልን። ሦስት ይበቃል፦ አንድ ከቁልፉ በታች፣ አንድ እሱው ላይ፣ አንድ ከሱ በላይ። ሦስቱን በእጅ እንሥራ፣ እያንዳንዷን ምልክት ከየት እንደመጣች እንጻፍ፣ የተሳሳትንበት ቦታ ላይ ደግሞ ኤክስ ብቻ ሳይሆን «ኳድራንቱን እዪ» ብላችሁ ጻፉልን። የተረፈውን ሰዓት ኦሲሎስኮፑ ላይ ስጡን።