ዳንቴል የለበሰ ስፒከር

ሁለት ጥንድ ባለ ቁመት ስፒከሮችን በአንድ ሳሎን አቁሞ ማወዳደር የጀመረ ሰው፣ የሚያወዳድረው ስፒከሮቹን ይመስለዋል። እኔም እዚሁ ጅማ፣ ባለፈው ሁዳዴ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የመሰለኝ ይኸው ነበር።

የእኔን ጥንድ የገዛሁት ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው። ቁመታቸው እስከ ደረቴ የሚደርስ ሲሆን፣ ባለቤቴ ቤት በገቡ በሳምንታቸው በየአናታቸው ላይ ነጭ ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣባቸዋለች። ስለ ድምፃቸው የሰጠችው አስተያየት ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ሁለተኛው ጥንድ የታላቅ ወንድሟ ንብረት ነው፤ እርሷ ወንድምጋሼ ትለዋለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ወንድምጋሼ «አንተ እኮ ስፒከር ሰምተህ አታውቅም» የሚለውን ቃል ከአዲስ አበባ በስልክ ሁለት ዓመት ሲመላልስብኝ ከቆየ በኋላ፣ ክርክሩን በማስረጃ ሊዘጋው ቆርጦ ስፒከሮቹን በፍራሽና በአንሶላ ጠቀለለና አይሱዙ ላይ ጫነ፤ ከዚያም በወልቂጤ አድርጎ፣ ጊቤን ወርዶና ወጥቶ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደጄ ላይ ደረሰ። ለእርቅ እንኳ ይህን ያህል መንገድ የሚሄድ ዘመድ የለኝም።

አራት ጎልማሶች በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ሳጥን ተሸክመው ቀስ እያሉ በግቢዬ በር ሲገቡ ሰፈሩ ምን እንዳሰበ ማስረዳት አያሻም። ሁለተኛው ሳጥን ከመኪናው ሳይወርድ የጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። ከእርሳቸው ኋላ የእድራችን ዳኛ መጡ፤ ከዳኛው ኋላ ደግሞ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድና በቡና ቅምሻ ያሳለፉት ሐጂ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» እያሉ ገቡ። የሞተ ሰው እንደሌለ ስንነግራቸው ደስ አላቸው፤ ትንሽ ቅርም ያላቸው መሰለኝ። ያም ሆነ ይህ ከመጡ ወዲህ ቡና ሳይቀምሱ መመለስ ነውር ስለሆነ ተቀመጡ። የድምፅ ዳኞቻችን የተሰየሙት እንዲህ ነው።

ጾም በመሆኑ ባለቤቴ ዘፈን እንዳይከፈት ከለከለች፤ የተረፈን በገና ብቻ ነበር። በገና ደግሞ ለስፒከር ቀላል ፈተና አይደለም። አሥሩ ጅማቶቹ በተመቱ ቁጥር በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እየነካቻቸው ያንን እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ ታወጣለች። መጀመሪያ የእኔን ጥንድ ከፈትን። ገና አንዱ ጅማት እንደተመታ ወንድምጋሼ እጁን አንሥቶ «አቁም፣ አቁም! ይኼ ስፒከር ተቀዷል» አለ። ወደ እርሱ ጥንድ አዞርን። ያው መዝሙር፣ ያው ጉርምርምታ መጣ። ወንድምጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ቀስ እያለ ነቀነቀና «ሰማችሁ? እንዚራዋ እንኳ አልቀረችም» አለ።

ቤቱ በአንድ ድምፅ ለወንድምጋሼ ፈረደ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። የእኔዎቹ በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ሲሰጡ የእርሱ 91 ይሰጣሉ። ይህን የ5 ዴሲቤል ልዩነት ለመሙላት የእኔ ጥንድ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይፈልጋል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ ድምፅ አድርጎ የመቀበል ጠባይ አለው። ይህንኑ በትዕግሥት ሳብራራ እማማ «ታዲያ ልጄ፣ የሚጮኸውን አይደል የሚገዙት?» አሉኝ። በዚያ ላይ ሶፋውና ቡፌው ሌላ ቦታ ስላላስተረፉ የወንድምጋሼ ጥንድ የቆመው ጥግ ለጥግ ነበር። ጥግ ቤዝን ያሳብጣል፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ሳሎኔም በ34 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም እጅግ ወፍራም በሆነው ድምፅ ላይ፣ የራሱን ይጨምራል። ወፍራሙ ጅማት በተመታ ቁጥር ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ይንጫጩ ስለነበር፣ የእድሩ ዳኛ ይህንንም የበገናው ክፍል አድርገው አድንቀውታል።

መፍትሔው የመጣው ከሐጂ ነው። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ስለነበር ቀጭኑ ድምፅ ከአናታቸው በላይ እያለፈ ብዙም አልደረሳቸውም፤ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል። «እኛ ቡና የምንቀምሰው በኮድ ነው፤ የማን ጆንያ እንደሆነ ያወቀ ቀማሽ ምላሱ ያዳላል» አሉ። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 40 አድማጮችን አስቀምጠው ያሳዩት ይህንኑ ነበር፦ አድማጩ ስፒከሩን እያየ የሚሰጠው ነጥብና ሳያይ የሚሰጠው ነጥብ አይገናኝም። ሐጂ ይህን የደረሱበት ከሲኒ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አቁመን ጋቢ ጋረድንባቸው። የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ የምታዞረው ባለቤቴ ስትሆን፣ ድምፁ እኩል እንዲሆን ለየጥንዱ የሚበቃውን ልክ በስልኬ ለክቼ በጠመኔ ምልክት ያደረግሁላት እኔ ነኝ። ለእኔ ጥንድ የጠመኔውን ውፍረት ያህል እንደጨመርኩ እዚህ ላይ ብናዘዝ፣ ወሩም የንስሐ ነበር።

ከጋቢው ወዲህ የሆነው እንዲህ ነው። እማማ «አንደኛው፤ ከውጭ የመጣው» አሉ፤ ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው «መጀመሪያ አንደኛው የማን እንደሆነ ይነገረኝ» አሉ፤ ባለጉዳዩን ሳያውቁ ፈርደው አያውቁምና። ሐጂ ቶናውን ፉት ብለው ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን ተናገሩ፤ የሰማቸው አልነበረም። ወንድምጋሼ ሁለተኛው የእርሱ ለመሆኑ በእናቱ ስም ማለና ስለ ጥራቱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ርጋታው ረጅም ንግግር አደረገ። ባለቤቴ ጋቢውን ስትገልጠው ሁለተኛው የእኔ ሆኖ ተገኘ። ሳቁ በረድ እስኪል የእኔ ምርጫ የተጻፈባትን ወረቀት ጀበናው ሥር ከሰሉ ላይ አስቀመጥኳት፤ በደንብ ነድዳለች። እኔም የመረጥኩት የእርሱን ነበር።

«ድጋሚ ይሰማ» የሚል ጥያቄ ከወንድምጋሼ ቀረበ። ነገር ግን የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ያዘውና በእጅ ምልክት መነጋገር ጀመርን።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ሳሎኑን ስታስተካክል፣ እንግዳ እንዳያዝን በማለት ይመስለኛል፣ በወንድሟ ስፒከሮች ላይም ዳንቴል ለማልበስ ሞከረች። የእርሱ ስፒከሮች አናት ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ዳንቴሉ አበባውን ይዞ ተንሸራተተና ወደቀ። ወንድምጋሼ የሳጥኑ ግድግዳዎች ትይዩ ሲሆኑ ድምፁ ውስጥ ለውስጥ እየተመላለሰ እንደሚያስቸግር፣ ተዳፋቱም ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን አስረዳት። እርሷ አበባውን ከወለል አንሥታ አራገፈችና «ወንድምጋሼ፣ ታዲያ ይኼ ምን ይሠራል?» አለችው።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስለ ስፒከር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳንቴሉን የሠራችው ማን እንደሆነች፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ትሠራ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ ለካ ሚስቱም አጠገቡ ሆና ትሰማ ኖሯል።