ከለር ዶፕለሩ ታፔላ ላይ ብቻ አይቅር

ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው የክሊኒኮቹን ታፔላ ቢያነብ «ከለር ዶፕለር አልትራሳውንድ» የሚለውን ደጋግሞ ያገኘዋል። ታፔላው አልዋሸም፤ የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው መሣሪያ አለ። ሆዱ ውስጥ ዕጢ የተገኘበት በሽተኛ ይዞት የሚመጣው ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር አያልፍም፤ ዕጢ ታይቷል፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው፣ ለሲቲ ስካን ይላክ። ዕጢው ውስጥ ደም ይዞር እንደሆነ፣ ከየት እንደሚገባ፣ በአጠገቡ ያሉት ደም ሥሮች ክፍት ይሁኑ ዝግ፣ አንድም ቃል የለም።

ራዲዮሎጂስት ነኝ። የምለው ይህን ነው፦ የሆድ ዕጢ ባገኘን ቁጥር ዶፕለሩን ከፍተን የደም ፍሰቱን እንይ፣ ያየነውንም እንጻፍ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ነገሩ ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ነው። ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። የሚፈስ ደምም የላክንበትን ድምፅ እንዲሁ ለውጦ ይመልሰዋል፤ መሣሪያው ለውጡን በቀለም ያሳየናል። በተለመደው አሠራር ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ የሚርቀው ሰማያዊ ይሆናል። (ቀዩን ደም ቅዳ፣ ሰማያዊውን ደም መልስ ነው የሚል ተማሪ መቼም አይጠፋም።)

በእኛ አገር ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለጉበት ይመስለኛል። ሄፓታይተስ ቢ የተስፋፋ ነው፤ ቫይረሱ ለዓመታት ከከረመ በኋላ የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ጤነኛ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀትና ከጣፊያ በሚመጣው ፖርታል ቬን በሚባለው ትልቅ ደም ሥር ነው። ካንሰሩ ግን በአብዛኛው ደሙን የሚስበው ከደም ቅዳው ነው። አንዳንዴም ወደ ፖርታል ቬኑ ዘልቆ ይዘጋዋል። በጥቁርና ነጩ ምስል ይህ ተራ የረጋ ደም ሊመስል ይችላል። ዶፕለሩ ሲከፈት እዚያው ውስጥ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ደም ከታየ ግን የዘጋው ዕጢው ራሱ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። እንዲህ የሆነበት ሰው ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና አይረዳም። ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ የመጣ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ፍለጋ ከመንከራተቱ በፊት ይህን መስማት አለበት።

የሕፃናት የኩላሊት ዕጢም አለ። ዕጢው በኩላሊቱ ደም መልስ በኩል ወደ ልብ በሚሄደው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ሊያድግ ስለሚችል፣ ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ከመክፈቱ በፊት ማወቅ ይኖርበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። ሆድ ውስጥ ጥርት ያለ ጥቁር ክብ ሲታይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። አንዳንዱ ግን ከቆሽት ብግነት ወይም ከአደጋ በኋላ ከተጎዳ ደም ቅዳ አጠገብ የተፈጠረ የደም ከረጢት ነው። ቀለሙ ሲከፈት ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይሽከረከራል። ይህን ሳያይ መርፌ የሰደደ ሐኪም የሚገጥመውን ደም መፍሰስ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ናሙና ከመወሰዱም ሆነ ፈሳሽ ከመቀዳቱ በፊት ዶፕለር ማየት ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ።

ቀለም አይቶ ካንሰር ነው፣ አይደለም ብሎ መፍረድ ግን ሌላ ጥፋት ነው። ሄማንጂዮማ የሚባለው ጉዳት የለሽ የጉበት ዕጢ በደም የተሞላ ቢሆንም፣ ደሙ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ዶፕለሩ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። የቆሽት ካንሰር ደግሞ ደሙ ጥቂት ሆኖ ክፉ ነው። በዚያ ላይ መሣሪያው በአያያዝ ይታለላል፦ ስኬሉ፣ ማለትም መሣሪያው እንዲያሳይ የተስተካከለበት የፍጥነት መጠን፣ ከፍ ብሎ ከተተወ ዝግ ያለ ፍሰት ይጠፋል፤ ድምፁ ደም ሥሩን በ90 ዲግሪ ካገኘው የሚፈሰው ደም የቆመ ይመስላል። «ደም የለውም» ብሎ ለመጻፍ ስኬሉን ዝቅ ማድረግ፣ ማዕዘኑን መቀየር፣ ለዝግ ፍሰት ይበልጥ ንቁ የሆነውን ፓወር ዶፕለርንም መሞከር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሲቲ ስካንንና ናሙናን አይተካም።

የሥራ ባልደረቦቼ መልስ ወረፋው ነው። እውነታቸውን ነው፤ በር ላይ ሰው ተደርድሮ እያለ አንድ ሆድ ላይ መቆየት ያሳቅቃል። ነገር ግን ዕጢ የሚገኘው በሁሉም ላይ አይደለም፤ ለተገኘበት ጥቂት ደቂቃ መጨመር ወረፋውን አይገድለውም። ለወረፋው ተብሎ የተዘለለው ምርመራ በሌላ ክሊኒክ፣ በሌላ ክፍያ ሲደገምም እያየን ነው።

ላኪ ሐኪሞችም በወረቀቱ ላይ «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ ብለው አይላኩ፤ «ከዶፕለር ጋር» ብለው የጠረጠሩትን ይጨምሩ። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ በሽተኛውም ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይበላ ቢመጣ ጥሩ ነው። አንጀቱ በአየር የተነፋ ሰው ቆሽቱ እንኳን ከነደም ሥሩ፣ ብቻውንም በደንብ አይታይም።