«ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ አምጡ» ማንን ያስተምራል?

«ስለ መሬት መንሸራተት ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ሁለት ገጽ አምጡ» የሚለው የቤት ሥራ የሚጠቅመው ወረቀቱን የሚያትመውን ቤት ነው። ተማሪው ገልብጦ ያመጣል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፤ ጥያቄው አስቀድሞ የተጻፈ መልስ አለው።

በርኒ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቀረጸው ዌብኩዌስት የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ ነገሩን የሚፈታው ፍለጋውን ለመምህሩ በመስጠት ነው። ምንጮቹን መምህሩ ይመርጣል፤ የተማሪው ጊዜ ለማንበብና ለማመዛዘን ይተርፋል።

የ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊን እንውሰድ። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቱ ሲበረታ ተዳፋቱ ያሰጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ከጦሳ ግርጌ ቤት ሊሠራበት የማይገባው የትኛው ቦታ ነው? ለቀበሌው የአንድ ገጽ ምክረ ሐሳብ ጻፉ» ይሁን። ይህን የሚመልስ ድረ ገጽ የለም።

በየቡድኑ አራት ልጆች ይበቃሉ። አንዱ አፈሩንና ዐለቱን፣ ሌላው ዝናቡን፣ ሦስተኛው ተዳፋቱን፣ አራተኛው የነዋሪውን ጉዳይ ይይዛል። የተዳፋቱ ኃላፊ ከጎግል ኧርዝ የሁለት ቦታዎችን ከፍታ ወስዶ ልዩነቱን በአግድም ርቀታቸው ያካፍላል፤ በ100 ሲያባዛው ተዳፋቱን በመቶኛ ያገኛል። እያንዳንዱ የሚያነበው ስለሚለያይ፣ አንድ ጎበዝ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን የሚጽፉበት የ1ለ5 ልማድ እዚህ አያዋጣም።

አምስት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፦ አንዱ ለማስተዋወቅ፣ ሁለቱ ለንባብ፣ አንዱ ለክርክር፣ አንዱ ለመጻፍ። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ክርክሩ ነው። እሱ ከተቆረጠ የሚቀረው አራት ቁራጭ ወረቀት ነው።

ኔትወርክና መብራት ላይ ተማምኖ መጀመር ግን የዋህነት ነው። ገጾቹን በፒዲኤፍ አስቀምጦ በፍላሽ ማከፋፈል፣ የጎግል ኧርዙን ምስል ከነከፍታው ማተም፣ ለየቡድኑ አንድ የወረቀት ቅጂ ማዘጋጀት ይሻላል። ኮምፒውተሩ ካነሰ ግማሹ ክፍል በወረቀት ሠርቶ በማግስቱ ይቀያየራል። ሌላው እንቅፋት እንግሊዝኛው ነው። እስከ ትናንት በአማርኛ የተማረ ልጅ የስምንት ገጽ ጽሑፍ ሲሰጠው መልሶ ወደ መገልበጡ ይሄዳል። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ አሥር ያህል ከባድ ቃላት ከነፍቺያቸው ከላይ ይቀመጡ፤ ቢያንስ አንዱ ምንጭ አማርኛ ይሁን።

የማረሚያው መስፈርት በመጀመሪያው ቀን ይታደል። ከ20፣ 8 ካርታ ላይ ለተመለከተ ቦታና ለማስረጃው፣ 6 የአራቱን ሐሳብ ላስታረቀ፣ 4 ሊፈጸም ለሚችል ምክር፣ 2 ለቋንቋ። እንግሊዝኛው ያማረ፣ ካርታው ግን ባዶ የሆነ ወረቀት 8ቱን ያጣል።