ማስተካከያ፦ ስለ ካይል ኤብራሃም የዳንስ ቡድን

የጥቁሮችንና የክዊር ሰዎችን (ከተለመደው የጾታና የፍቅር ማንነት ውጭ ያሉትን) ሕይወትና ታሪክ መነሻው ስለሚያደርገው ኤ.አይ.ኤም የተሰኘ የአሜሪካ ዘመናዊ የዳንስ ቡድን ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2013 በፒትስበርግ የአልቪን ኤይሊ ቡድን (የታወቀ የአሜሪካ ዘመናዊ የዳንስ ቡድን) ቅርንጫፍ ሆኖ እንደተመሠረተ መግለጻችን ስሕተት ነው። ፒትስበርግ የመሥራቹ የዳንስ አዘጋጅ የካይል ኤብራሃም የትውልድ ከተማ ስትሆን፣ ቡድኑን ያቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ ነው፤ 2013 ደግሞ ኤብራሃም የማክአርተርን ሽልማት (ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጥ የአሜሪካ ሽልማት) ያገኘበት ዓመት ነው። ኤብራሃም ለኤይሊ ቡድን ዳንሶችን ማዘጋጀቱ እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱ ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ሥራ ስላዘጋጀ የባሌቱ አካል እንደማይባል ሁሉ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተታችን «ዘ ሬዲዮ ሾው» የተሰኘውን ሥራውን የአንድ ሬዲዮ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ አድርገን ማቅረባችን ነበር። ሥራው በፒትስበርግ የጥቁሮች ድምፅ የነበረ የሬዲዮ ጣቢያ በድንገት መዘጋቱ በማኅበረሰቡ ላይ ያሳደረውን ስሜት፣ የመርሳት በሽታና የንግግር ችሎታ ማጣት በቤተሰብ ላይ ከሚተዉት ሐዘን ጋር አጣምሮ የሚያሳይ ሲሆን፣ የአባቱ ሕመም ከመነሻዎቹ አንዱ ነው። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።